ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና በሰም ላይ የቀረ ድምፃቸው

(በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ)

ሰው ሲሞት ሥጋው አፈር ይሆናል፤ ገንዘቡን ወራሽ ይካፈለዋል፤ በቤቱም ሌላ ሰው ይገባበታል። ዘፈን ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። ደራሲው ካለፈ በኋላ ሌላ ሰው ያነሣዋል፤ ያም ሲያልፍ ሦስተኛው ይቀበለዋል። ንጉሥ ዳዊት በበገና የዘመራቸውን መዝሙራት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚዘምሩት ሰዎች ዳዊትን በዐይናቸው አላዩትም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የደረሰውን ዜማም ካህናቱ እስከ ዛሬ ድረስ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉት ይኖራሉ። እንግዲህ ሟቹን የማክበር ትልቁ መንገድ ሐውልት ማቆም ብቻ አይደለም፤ ዘፈኑን መልሶ መዝፈንም ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ስለ አንድ የጦር አለቃ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ስለ ጦር አለቆች የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን ዘፋኞች ገና ሸክላ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ድምፃቸውን በሸክላ ላይ በማስቀረጽ መጀመሪያ ስለ ሆኑት ሰው፣ ስለ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ጥቂት ለመጻፍ መረጥሁ። የመረጥሁበትንም ሁለተኛ ምክንያት በመጨረሻው ላይ እገልጻለሁ።

ትውልዳቸውና ዘመናቸው

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም. ጤፉ በተመሰገነው በሸዋ በምንጃር ነው። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥትነቱንም ዘውድ የጫኑት ተሰማ ልጅ ሳሉ በ1882 ዓ.ም. ነበር። የዐድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. በሆነ ጊዜ ተሰማ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበሩ። ይህም ማለት እኔና የክፍል ጓደኞቼ ዛሬ ባለንበት ዕድሜ ላይ ሆነው የአገራቸውን ትልቅ ቀን አይተዋል ማለት ነው።

የዚያን ዘመን ሰው ግጥምን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከግብር አዳራሽ፣ ከሠርግ ቤትና ከልቅሶ ቤት ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ይቆምና ለጌታው ውዳሴ ያወርዳል፤ ከእንግዶቹ አንዱ ተቀበል ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም በዜማ መልሶ ያሰማል። ሌላው ሰው በግልጽ ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር አዝማሪ በቅኔ ሸፍኖ ይናገረዋል። ሰሙን የሰማ ይስቃል፤ ወርቁን ያገኘ ደግሞ ዝም ብሎ ያስባል። ተሰማም በዚህ በሰምና ወርቅ የተባ አንደበት የተሰጣቸው ሰው ነበሩ። ቶሎ የሚገጥሙ፣ ማሲንቆ የሚመቱና የሚያዜሙ ስለ ነበሩ በመኳንንቱ ዘንድ ተወደዱ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስብ እለምናለሁ። አዝማሪ በግብር አዳራሽ የሚፈለግ ሰው ይሁን እንጂ የሚከበር ሰው አልነበረም። ዘፈኑን ወደው የሚሸልሙት ሰዎች ልጃቸውን ለእርሱ ለመዳር አይፈቅዱም ነበር። በእንደዚህ ያለ ዘመን ለሹመት የታጨ ሰው ማሲንቆ ይዞ መታየቱ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ወደ ጀርመን አገር መሄዳቸው

ዐፄ ምኒልክ አዲስ ነገር የሚወዱ ንጉሥ እንደ ነበሩ ሁላችን በታሪክ ትምህርት ተምረናል። በ1900 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሹመት አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ገባ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። አውቶሞቢል ሲመጣ ግን የሚነዳውና ሲሰበር የሚጠግነው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1908 ተሰማ እሸቴ ስለ አውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ፤ በዚያም እስከ 1910 ቆዩ።

የዚያን ጊዜ መንገድ እንደ ዛሬው አልነበረም። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ የደረሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ስለዚህ ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ብዙ ቀን በበቅሎ ይጓዛል፤ ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ይገባል፤ ከዚያም በመርከብ ይሳፈራል። የምንጃር ሰው ይህን ሁሉ አልፎ የክረምቱ በረዶ ከሚወርድበት ከጀርመን አገር መድረሱ እንዴት ያለ መገረም እንዳሳደረበት ማሰብ ይቻላል።

ድምፃቸው እንዴት እንደ ተቀረጸ

ተሰማ የተላኩት ለመኪና ትምህርት ነበር፤ ስማቸውን ለትውልድ ያቆየው ግን ሌላ ነገር ሆነ። በጀርመን ሳሉ የዘፈን ሸክላ የሚያወጡ ሰዎች ድምፃቸውን ሰምተው ስለ ወደዱት 17 ሸክላዎች አስቀረጹ። እነዚህም ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ በሸክላ ላይ ያስቀረጻቸው የመጀመሪያዎቹ የንግድ ሸክላዎች ናቸው።

የድምፅ መሣሪያ በቤተ መንግሥታችን ዘንድ ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልከው ነበር። ነገር ግን ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስለ ተፈለገ ያ ድምፅ ዛሬ የለም። የንግሥቲቱ ቃል ጠፍቶ የዘፋኙ ቃል መቅረቱ የሚያስደንቅ ነው።

በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን ለሸክላ ሥራ አይውልም ነበር፤ በኤሌክትሪክ መቅረጽ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ዘፋኙ በአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል መለከት አፍ ፊት ይቆማል። ድምፁ በመለከቱ ገብቶ በጫፉ ያለውን ስስ ሽፋን ያርገበግበዋል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚዞር የሰም ዝርግ ላይ ቦይ እየጫረ ይሄዳል። ቀጥሎ ሰሙ በብረት ይለበጣል፤ ከብረቱ ማተሚያ ይሠራል፤ በማተሚያውም ብዙ ሸክላ ይታተማል። ሸክላ ብለን የምንጠራው ዝርግ በእውነት ከጭቃ የተሠራ አይደለም፤ በህንድ አገር በዛፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች ከሚያወጡት ሙጫ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። በአንድ ደቂቃ ወደ 78 ጊዜ ይዞራል፤ ከወደቀም እንደ ሸክላ ዕቃ ይሰበራል።

አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በግብር አዳራሽ እንደ ልቡ ሲያወርድ የሚያመሽ ዘፋኝ ሐሳቡን በሦስት ደቂቃ ጨርስ ሲባል ምን ያህል እንደሚጨነቅ አስቡት። ማሲንቆ ደግሞ አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ያለው፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ መሣሪያ ስለ ሆነ ወደ መለከቱ ቀርቦ መመታት ነበረበት። በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀበል የሚል የለም፤ እልል የምትል ሴት የለችም፤ ቅኔውን ፈትቶ የሚስቅም ሰው አልነበረም። ያለው አማርኛ የማያውቅ ባለሙያና የሚዞር ሰም ብቻ ነው። ተሰማ ያንን ባዶ ክፍል እንደ አዳራሽ ቈጥረው መዝፈናቸው ከሥራቸው ሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል።

እኛ የባሌ ልጆች ሰምን እናውቀዋለን። በሐረና ጫካ ንብ አርቢው ቀፎውን በረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ማሩን ከቆረጠ በኋላም ሰሙን አንጥሮ ያኖረዋል። አንጥረኛም ጌጥ ሲሠራ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ በቦታው ይገባል። የቅኔያችን ስም የመጣው ከዚህ ነው ይባላል። ነጋድራስ ተሰማ ሰምና ወርቅ ቅኔአቸውን በእውነተኛ ሰም ላይ ተናገሩት። ያ ሰም ቀልጦ ጠፍቷል፤ ወርቁ ግን ቀርቷል።

ሹመታቸውና መከራቸው

ተሰማ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በሹመት ከፍ አሉ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው፤ የገበያውንና የቀረጡን ነገር የሚመለከት ትልቅ ሹመት ነበር። ከአልጋ ወራሹ ከልጅ ኢያሱ ጋርም ወዳጅነታቸው ጠበቀ።

ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ። ልጅ ኢያሱ ግን ብዙ ሳይቆዩ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ፤ በጥቅምት ወርም የሰገሌ ጦርነት ሆነ። ዛፍ ሲወድቅ በጥላው ሥር የተቀመጠው ሁሉ ይጐዳል። የልጅ ኢያሱ ወዳጅ መሆን ትላንት ክብር ነበር፤ በማግሥቱ ግን ወንጀል ሆነ። ነጋድራስ ተሰማም በዚህ ምክንያት ከነበሩበት ክብር ወርደው ብዙ መከራ ተቀበሉ። ወዳጃቸውን ክደው ከአዲሶቹ ጌቶች ጋር ከተጠጉት ሰዎች ጋር ስማቸው አይነሣም፤ ይህም ለእኛ ለወጣቶች ትልቅ ትምህርት ነው። በደስታ ቀን ለጌታ መዝፈን ለሁሉ ቀላል ነው፤ በውድቀት ቀን ወዳጅ ሆኖ መገኘት ግን የጥቂቶች ዕድል ነው።

በመስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕንቍጣጣሽ ዕለት፣ ወንድ ልጃቸው በጅማ ተወለደ፤ ስሙንም ይድነቃቸው አሉት። ነጋድራስ ተሰማ ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። የጠላትን ወረራና የነፃነትን መመለስ አይተው በ1957 ዓ.ም. አረፉ። በተወለዱ ጊዜ በአገሩ ላይ አንድ የባቡር ሐዲድ አልነበረም፤ በሞቱ ጊዜ ግን ሰዎች ዘፈን በሬዲዮ ይሰሙ፣ በአውሮፕላን ይበሩ ነበር።

የአባቱን ቃል የጠበቀ ልጅ

ይድነቃቸው ተሰማን በስፖርት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ባሸነፈች ጊዜ ቡድኑን ያሠለጠነ፣ ከ1972 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ሥራ እያለበት የአባቱን ግጥሞች ለቅሞ ሰበሰበ፤ የልፋቱም ፍሬ ሰምና ወርቅ በሚል ስም መጽሐፍ ሆነ። በዚህ ምክንያት የነጋድራስ ተሰማ ግጥም ባለቤት የሌለው የመንገድ ቃል ሆኖ ከመቅረት ዳነ።

ድምፃቸው ደግሞ በሌላ መንገድ ተመለሰ። የድሮ ሸክላ በመርፌ ይፋቃል፤ በእጅ ይሰበራል፤ የቀረው በአሰባሳቢዎች ሣጥን ውስጥ ይረሳል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ስም የቀድሞ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን በተከታታይ በሲዲ አሳትመዋል። ከእነዚህ ውስጥ 16ኛው የአስናቀች ወርቁ የክራር ዘፈኖች ሲሆኑ፣ 27ኛው የመጀመሪያውን የሸክላ ቅጂ መቶኛ ዓመት ለማሰብ የወጣው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የእርሳቸው ድምፅ እንደ ስማቸው ተሰማ። ዛሬ አንድ ወጣት ዘፋኝ ሥራቸውን መልሼ ልዝፈን ቢል ዜማውን ከድምፃቸው፣ ቃሉን ከመጽሐፉ ያገኛል፤ የባለቤቱንም ስም ያውቃል።

የሌላ አገር ምሳሌ

በአሜሪካ አገር ዉዲ ገትሪ የሚባል የሕዝብ ዘፋኝ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1912 በኦክላሆማ ተወለደ፤ የአቧራ ማዕበል መሬታቸውን ያጠፋባቸውን ድኾች ገበሬዎች መከራ በጊታር እየዘፈነ ከአገር አገር ዞረ፤ በ1967 በረጅም የነርቭ በሽታ ሞተ። ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ ወዳጆቹ በኒው ዮርክ ተሰብስበው የእርሱን ዘፈኖች ዘፈኑለት። በ1988 ደግሞ ታዋቂ ዘፋኞች ተባብረው የእርሱንና የወዳጁን የሌድቤሊን ዘፈኖች በአንድ አልበም አወጡ፤ ገንዘቡም የዘፈኖቹን የቀድሞ ቅጂዎች ለሕዝብ ሙዚየም ለማስገኘት ረዳ።

ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው ግን የሚከተለው ነው። ገትሪ ሲሞት ብዙ ግጥም በወረቀት ትቶ ነበር፤ ዜማቸው ግን በልቡ ስለ ነበር አብሮት ተቀበረ። ልጁ ኖራ ወረቀቶቹን ጠብቃ ኖረችና ለአንድ እንግሊዛዊ ዘፋኝና ለአንድ የአሜሪካ ቡድን ሰጠቻቸው፤ እነርሱም አዲስ ዜማ ሠርተውላቸው በ1998 አሳተሟቸው። በጅማ የተወለደው ይድነቃቸውና በአሜሪካ የተወለደችው ኖራ ምናልባት አንዱ የሌላውን ስም ሰምተው አያውቁም። ሥራቸው ግን አንድ ነው።

የመጻፌ ሁለተኛ ምክንያት

አሁን ቀድሞ የተናገርሁትን ሁለተኛ ምክንያት ልግለጽ። የእናቴ አባት በሐረና በኩል የታወቀ ገራርሳ አዋቂ ነበር። በኦሮሞ ልማድ ገራርሳ የጀግንነትና የኑሮ ዘፈን ነው፤ አዋቂው የራሱንና የአባቶቹን ሥራ በዜማ ይቈጥርበታል። አያቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ በራሱ ስንኞች ያበጀው አንድ ረጅም ገራርሳ ነበረው። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት በሄድሁ ጊዜ ማታ እሳት ዳር ሆኖ ላሰማህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በኪሴ ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ ነበረኝ። ነገር ግን በማግሥቱ ወደ ሮቤ ስለምመለስ የስልኬ ባትሪ እንዳያልቅብኝ ሰስቼ በሚቀጥለው ዕረፍት እንደምቀርጸው ነገርሁት። እርሱም ሳይቀየም እሺ አለኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ከልቅሶው በኋላ ሁለቱን አጎቶቼን አስቀምጬ የሚያስታውሱትን እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። ዜማውን ሁለቱም አሳምረው ያውቁታል። ቃሉን ግን አንዱ እንዲህ ነው ሲል ሌላው አይደለም ይላል፤ የትኛው ስንኝ እንደሚቀድም እንኳ ሳይስማሙ መሸ። በመጨረሻ በደብተሬ ላይ ያገኘሁት አሥራ ዘጠኝ ስንኝ ብቻ ነው። የገትሪ ልጅ ቃል ነበራት፤ ዜማ አልነበራትም። እኛ ዜማ አለን፤ ቃል የለንም። ለጠፋ ዜማ ሌላ ዜማ ይሠራለታል፤ የአያቴን ቃል ግን ማን ይፈጥርልናል?

ነጋድራስ ተሰማ ድምፃቸውን ለማስቀረጽ ባሕር ተሻገሩ። እኔ ከምድጃው ዳር እስከ ኪሴ ድረስ ያለውን መንገድ ሳልሄድ ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ከእኔ ስሕተት ሌላው እንዲማር ነው።

መደምደሚያ

የነጋድራስ ተሰማ ታሪክ አንድ ዘፈን ከባለቤቱ ሞት በኋላ ለመኖር ሦስት ነገር እንደሚያስፈልገው ያስተምረናል። ይኸውም የተቀረጸ ድምፅ፣ የተጻፈ ቃልና ሁለቱን በፍቅር የሚጠብቅ ሰው ነው። የመጀመሪያው በጀርመን ተገኘ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከገዛ ልጃቸው ተገኙ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ዛሬ ስለ እርሳቸው የምጽፈው ባልኖረኝም ነበር።

ስለዚህ የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ይህ ዓመት ሲያልቅ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን እንበተናለን። ከእናንተ ውስጥ ወደ ጎባ፣ ወደ ዲንሾ፣ ወደ ደሎ መና የምትሄዱ አላችሁ። በየቤታችሁም የሚያዜም ሽማግሌ፣ እንጉርጉሮ የምታውቅ እናት አትጠፋም። ላሰማህ ወይ፣ ላሰማሽ ወይ ሲሏችሁ ነገ አትበሉ። ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ቃሉን ጻፉ፤ ስማቸውንም ከላይ አኑሩ። መልሶ የሚዘፍነው ሰው ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ይመጣል።

አሥራ ዘጠኙን ስንኝ ከእነስሕተታቸው በንጹሕ ወረቀት ገልብጫቸዋለሁ፤ ከላይም የአያቴን ስም ጽፌበታለሁ። ከአጎቶቼ አንዱ ሃያኛውን ያስታወሰ ዕለት ከሥራቸው እጨምረዋለሁ።